ሳምፕል ጠፋ እያለ የሚጨቀጭቃችሁን ሳምፕለር አደብ ማስያዣ

መጀመሪያ አንድ ነገር ላይ እንግባባ፣ ሳምፕለር (ሳምፕል የሚባሉትን የተቀረፁ ድምፆች በኪቦርድ የሚያጫውት ፕሮግራም) ላይ ሴቭ የምታደርጉት ኢንስትሩመንት አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ድምፅ የለም። ኮንታክት በሚባለው ሳምፕለር ላይ ኤንኬአይ የሚባለው ፋይል፣ ሎጂክ (የአፕል ሙዚቃ መስሪያ ፕሮግራም) ላይ ኢኤክስኤስ የሚባለው፣ ኤስኤፍዜድ የሚባለው የፋይል አይነት ደሞ ጭራሽ በኖትፓድ ተከፍቶ የሚነበብ ተራ ጽሁፍ ነው፣ ሁሉም የያዙት መመሪያ ብቻ ነው። "ይሄ ኖታ ሲመታ እዛ ድራይቭ ላይ እዛ ፎልደር ውስጥ ያለችውን ዌቭ (የድምፅ ፋይል) አጫውት፣ ጠንከር ተደርጎ ከተመታ ደሞ እሷን ተዋትና ከጎኗ ያለችውን" ይላል በቃ። ድምፁ ራሱ ሌላ ቦታ ነው የተቀመጠው። ለዛ ነው አንድ ኤንኬአይ ጥቂት መቶ ኪሎባይት ሆኖ ሳለ ስትከፍቱት ብዙ ጊጋ የሚሆን ፒያኖ የሚያጫውተው፣ ለዛም ነው ለጓደኛችሁ ኤንኬአዩን ብቻ በቴሌግራም ስትልኩለት "ኧረ አይሰራም" ብሎ የሚመልስላችሁ።

ይሄን ከያዛችሁ የቀረው ይቀላል። ሳምፕል ማስተዳደር ማለት ግማሹ አድራሻው እንዳይበላሽ መጠበቅ ነው፣ ግማሹ ራም መቆጠብ ነው፣ ፎልደር ማሳመሩ ትርፍ ነው። ብዙ ሰው ግን ከትርፉ ነው የሚጀምረው፣ ቅዳሜን ሙሉ የኪክ ድራም ድምፆቹን በከለር ሲደረድር ይውልና ሰኞ ፕሮጀክቱን ሲከፍት ፒያኖው የለም።

ቦታ ማስያዝ

ለላይብረሪ (ለሳምፕል ስብስባችሁ) የሚሆን አንድ ድራይቭ ምረጡ፣ እሱ ላይ አንድ ዋና ፎልደር ክፈቱ፣ ከዛ በኋላ ስሙንም ቦታውንም አትንኩት። ቀላል ይመስላል ግን አብዛኛው "ሳምፕል ጠፋ" የሚለው ጣጣ የሚመጣው ይሄ ስላልተደረገ ነው። ዊንዶውስ ላይ ኤክስተርናል ድራይቭ ስትሰኩ ዛሬ ኢ ይሆናል፣ ነገ ፍላሽ ቀድሞ ከተሰካ ኤፍ ይሆናል፣ ሳምፕለሩ ደሞ ኢ ላይ ሄዶ ይፈልግና ያጣዋል። መፍትሄው ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ገብታችሁ ለዛ ድራይቭ ራቅ ያለ ፊደል፣ ኤስ በሉት ወይ ኤክስ፣ በቋሚነት መስጠት ነው፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ማክ ላይ ፊደል የሚባል ነገር የለም፣ የድራይቩ ስም ነው አድራሻው፣ ስለዚ ስሙን ከሰጣችሁ በኋላ "ይሄ ስም አላማረኝም" ብላችሁ አትቀይሩት።

ፎርማቱን በተመለከተ፣ ድራይቩ ማክም ዊንዶውስም ላይ የሚሰካ ከሆነ ኤክስፋት አድርጉት፣ ፋት32 ግን አይሆንም ምክንያቱም ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ ትልልቅ ላይብረሪዎች ደሞ ሳምፕላቸውን በትልልቅ ፋይል አሽገው ነው የሚመጡት፣ ድራይቩ ባዶ ሆኖ እያለ ፋይሉ ትልቅ ነው ብሎ ኮፒ አላደርግም ይላችኋል። ኤክስፋት ላይ ደሞ ኢጀክት ሳታደርጉ መንቀል ክፉ ልማድ ነው፣ ከኤንቲኤፍኤስና ከኤፒኤፍኤስ በባሰ ለብልሽት የተጋለጠ ነው። አንድ አይነት ኮምፒውተር ላይ ብቻ የምትሰሩ ከሆነ የራሱን ፎርማት ተጠቀሙ፣ ዊንዶውስ ኤንቲኤፍኤስ፣ ማክ ኤፒኤፍኤስ።

ዲስኩ ኤስኤስዲ ቢሆን ይመረጣል፣ ይሄ ቅንጦት አይደለም። ሳምፕለር ፊልም እንደማየት አንድ ፋይል ተከትሎ አያነብም፣ ፔዳል ረግጣችሁ ፒያኖ ስትጫወቱ በአንድ ጊዜ በደርዘን የሚቆጠሩ የተለያዩ ፋይሎች ከተለያየ ቦታ ይነበባሉ፣ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ደሞ ጭንቅላቱን ከቦታ ቦታ ማንቀሳቀስ ስላለበት እዛ ጋር ይደክማል፣ የምትሰሙት ጠቅ ጠቅ የሚለው ድምፅና የሚቆራረጠው ኖታ እሱ ነው። ሃርድ ዲስኩን ለባክአፕ ተዉት።

ከዚህ ቀጥሎ የምለውን ብዙ ሰው አያስብበትም፣ ላይብረሪያችሁን ዴስክቶፕ ወይ ዶክዩመንትስ ውስጥ አታስቀምጡ። አሁን አሁን ማኩም ዊንዶውሱም እነዚህን ፎልደሮች በራሱ ወደ ክላውድ ይወስዳቸዋል፣ ቦታ ሲጠበው ደሞ የቆየውን ፋይል ከኮምፒውተሩ ያነሳና ክላውድ ላይ ብቻ ይተወዋል፣ ስሙ ፎልደሩ ውስጥ ይታያችኋል ፋይሉ ግን የለም። ሳምፕለሩ ያን ዌቭ ሲጠይቅ ወይ ኢንተርኔት ይጠብቃል ወይ ጠፋ ይላል። ዳውንሎድስ ውስጥ ደሞ ጭራሽ፣ እሱ ፎልደር የሚጸዳ ፎልደር ነው።

ውስጡን እንዴት እንከፋፍል ካላችሁ ሶስት ፎልደር ይበቃል። አንዱ የተገዙና የተጫኑ ላይብረሪዎች፣ ሁለተኛው ዋን ሾት (እንደ አንድ የድራም ምት ያለ ነጠላ ድምፅ)ና ሉፕ (እየተደጋገመ የሚጫወት ቁራጭ)፣ ሶስተኛው ራሳችሁ የቀረፃችሁት። የመጀመሪያው ውስጥ ምንም ነገር አትነኩም፣ የፎልደር ስም አታሳጥሩም፣ "ሳምፕልስ" የሚለውን ንዑስ ፎልደር ወደ ሌላ ቦታ አትወስዱም፣ ኤንኬአዩ ጎረቤቱ ያለውን ፎልደር እያየ ነው የሚሰራው፣ ማዘዋወር ካለባችሁ ዋናውን ፎልደር እንዳለ አንሱት። ሁለተኛውና ሶስተኛው ውስጥ እንደፈለጋችሁ።

ሌላ፣ የፋይልና የፎልደር ስም በአማርኛ ፊደል ባትጽፉ ይሻላል፣ ያሳዝናል ግን አሮጌ ፕለጊኖች (ሙዚቃ መስሪያው ውስጥ የሚከፈቱ ተጨማሪ ፕሮግራሞች) ከላቲን ውጪ ያለ ፊደል አድራሻ ውስጥ ሲገባ ግራ ይጋባሉ፣ አንዳንዴ ዝም ይላሉ እንጂ ስህተት እንኳን አይነግሯችሁም። ፎልደር ውስጥ ፎልደር፣ እሱ ውስጥ ፎልደር እያላችሁም አትሂዱ፣ ዊንዶውስ ላይ ብዙ ፕሮግራም ከነሙሉ አድራሻው ከ260 ፊደል ያለፈ ፋይል መክፈት ያቅተዋል።

ሳምፕል ጠፋ ሲል

ኮንታክት የጠፋ ሳምፕል ሲያጋጥመው መፈለጊያ ሳጥን ያወጣላችኋል። ሁሉም ሰው የሚነካው መላ ኮምፒውተሩን ፈልግ የሚለውን ነው፣ እሱ ደሞ ድራይቩ ትልቅ ከሆነ ቡና አፍልታችሁ ጠጥታችሁ ትመለሳላችሁ ገና አላለቀም፣ ከዛም በላይ ተመሳሳይ ስም ያለው ሌላ ፋይል አግኝቶ እሱን ሊያስገባው ይችላል። እናንተ ላይብረሪው የት እንዳለ ታውቃላችሁ አይደል፣ ስለዚ ፎልደር ምረጥ የሚለውን ነክታችሁ የዛን ላይብረሪ የሳምፕል ፎልደር በቀጥታ አሳዩት፣ አንዱን ካገኘ ሌሎቹንም እዛው ያገኛቸዋል።

ድምፁ ተመለሰ ብላችሁ ግን ስራው አላለቀም። አዲሱን አድራሻ ሴቭ ካላደረጋችሁ ነገ ያው ሳጥን ይመጣል። እዚህ ጋር ሁለት የተለያየ ሴቭ እንዳለ እወቁ፣ አንዱ የኤንኬአዩ ነው ሌላው የፕሮጀክቱ ነው። ፕሮጀክት ውስጥ ኮንታክት ስትከፍቱ የኢንስትሩመንቱ ሁኔታ ከነአድራሻው ፕሮጀክቱ ውስጥ ይቀመጣል፣ ስለዚ ኤንኬአዩን ብታስተካክሉም የድሮው ፕሮጀክት የድሮውን አድራሻ ይዞ ነው የሚነሳው፣ እሱንም ከፍታችሁ አስተካክላችሁ ሴቭ ማድረግ አለባችሁ።

ላይብረሪው ሙሉ በሙሉ ቦታ ከቀየረ አንድ በአንድ መክፈት አያስፈልግም፣ ኮንታክት ውስጥ ባች ሪሴቭ የሚባል አለ፣ ፎልደሩን ስትሰጡት ውስጡ ያሉትን ኤንኬአዮች በሙሉ አድራሻቸውን አስተካክሎ እላያቸው ላይ ሴቭ ያደርጋል። ጥቅሙ ሌላም ነው፣ ከዛ በኋላ ፓቹ (ሴቭ የተደረገው ኢንስትሩመንት) ሲከፈት ፍለጋ ስለማይገባ ቶሎ ይጫናል። እላያቸው ላይ የሚለውን ግን ልብ በሉ፣ መጀመሪያ ኤንኬአዮቹን ብቻ ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ፣ ትንንሽ ፋይሎች ናቸው ቦታ አይፈጁም።

በኔቲቭ አክሰስ (የኮንታክት ሰሪዎች ላይብረሪ መጫኛ ፕሮግራም) የተመዘገበ ላይብረሪ ከሆነ ደሞ መንገዱ ሌላ ነው፣ ፎልደሩን ካዘዋወራችሁ በኋላ እዛው ኔቲቭ አክሰስ ውስጥ አዲሱን ቦታ ታሳዩታላችሁ። ላይብረሪ ታብ ላይ የማይታይ ላይብረሪ ሁሉ የተበላሸ አይደለም፣ ለፕሌየሩ (ለነፃው ኮንታክት) ፈቃድ ያልወሰዱ ብዙ ላይብረሪዎች አሉ፣ እነሱ በፋይል ብራውዘር ነው የሚከፈቱት፣ የሚከፈቱትም በሙሉው ኮንታክት ነው፣ ነፃው ፕሌየር ላይ 15 ደቂቃ ይሰሩና ይቆማሉ። "ኮንታክቴ ተበላሸ በየሩብ ሰአቱ ዝም ይላል" የሚል ሰው ስትሰሙ ነገሩ ይሄ ነው።

የቨርዥን ነገር አጭር ነው፣ በአዲሱ ኮንታክት ሴቭ ያደረጋችሁት በአሮጌው አይከፈትም፣ በአሮጌው ያደረጋችሁት ግን በአዲሱ ይከፈታል። ከሰው ጋር ፋይል የምትቀያየሩ ከሆነ የማን አሮጌ እንደሆነ ቀድማችሁ ተጠያየቁ። አሮጌውን ቨርዥንም ቸኩላችሁ አታጥፉት፣ የድሮ ፕሮጀክቶች በስም የሚጠሩት እሱን ነው። ሎጂክ በዚህ በኩል ይሻላል፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ኢኤክስኤስ24ን አንስቶ ሳምፕለር የሚባለውን ሲያስገባ የድሮዎቹን ፋይሎች እንዲከፍት አድርጎ ነው።

ራም

እንግዲህ ኮምፒውተራችሁ 16 ጊጋ ራም ኖሮት ሶስት ላይብረሪ ከፍታችሁ ከተንገዳገደ አዲስ ኮምፒውተር ከማሰባችሁ በፊት እዚህ ጋር ቁጭ በሉ።

ሳምፕለር ትልቁን ላይብረሪ ሙሉ ራም ላይ አይጭንም። የእያንዳንዱን ሳምፕል መጀመሪያ ብቻ ይጭንና ኖታው ሲመታ እሱን እያጫወተ የቀረውን ከዲስክ ይስባል። ያ የመጀመሪያው ቁራጭ ፕሪሎድ በፈር ይባላል፣ ኮንታክት ላይ የተለመደው 60 ኪሎባይት ነው። ትንሽ ይመስላል፣ ግን አስሉት፣ 10,000 ሳምፕል ያለው አንድ ኢንስትሩመንት በ60 ኪሎባይት ሲባዛ 600 ሜጋባይት ነው፣ ገና አንድ ኖታ ሳትመቱ። ዲስካችሁ ኤስኤስዲ ከሆነ ቀሪውን በፍጥነት ስለሚያመጣ ያን ያህል ቅድሚያ አያስፈልገውም፣ ኦፕሽን ውስጥ ሜሞሪ የሚለው ጋር ሂዱና ወደ 12 ኪሎባይት አውርዱት፣ ያው ኢንስትሩመንት 120 ሜጋባይት ይሆናል። ከዛ አንድ ጥድፊያ ያለበት ነገር ተጫወቱበት፣ ጠቅ ጠቅ ካለ ትንሽ ከፍ አድርጉ፣ ካላለ የበለጠ ቀንሱ። ሃርድ ዲስክ ላይ ላላችሁ ግን ይሄ ምክር አይሰራም፣ እናንተ ባለበት ተዉት።

ሁለተኛው መሳሪያ ፐርጅ ነው፣ ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። አስቡት፣ የስትሪንግ ላይብረሪ ከፍታችሁ ዘፈኑ ውስጥ የሚጫወተው ስምንት ኖታ ነው፣ ያውም ለስለስ ብሎ፣ ራም ላይ የተቀመጠው ግን የሁሉም ኖታ የሁሉም ቬሎሲቲ (የአመታት ጥንካሬ) ሳምፕል ነው። ኢንስትሩመንቱ ራስ ላይ ፐርጅ የሚለውን ክፈቱና ሪሴት ማርከርስ በሉት፣ ከዛ ዘፈኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አጫውቱት፣ ሲያልቅ አፕዴት ሳምፕል ፑል በሉት። ያልተነካውን በሙሉ ከራም ያወርደዋል፣ ኢንስትሩመንቱ ላይ የሚታየውን የሜሞሪ ቁጥር በፊትና በኋላ እዩት፣ ብዙ ጊዜ ከጊጋ ወደ ጥቂት ሜጋባይት ነው የሚወርደው። በኋላ ዜማውን ቀይራችሁ አዲስ ኖታ አልሰማ ካለ ሪሎድ ኦል ሳምፕልስ ብላችሁ መመለስ ነው፣ ከዲስክ የጠፋ ነገር የለም።

ከዛ ማይኮቹን እዩ። ብዙ ፒያኖና ድራም ላይብረሪዎች የቅርብ፣ የመሃልና የሩቅ ማይክ አላቸው፣ ሶስቱን አብርታችሁ ቮሊዩማቸውን ዝቅ ማድረግና ማጥፋት አንድ አይደለም፣ ዝቅ ያለውም ራም ይበላል ዲስክም ያነባል፣ የማትፈልጉትን አጥፉት። አርቲኩሌሽኖችም (የአጨዋወት ስልቶች) እንደዛው፣ ስታካቶ (ቁርጥ ቁርጥ ያለ አጨዋወት) የማትጠቀሙ ከሆነ አንሎድ አድርጉት።

ፖሊፎኒው፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚጫወተው ድምፅ (ቮይስ) ብዛት፣ ደሞ ከሲፒዩ ጋር ነው ጉዳዩ። ፔዳል የተረገጠ ፒያኖ አንድ ጣት በነካችሁ ቁጥር ቮይስ እየጨመረ ይሄዳል፣ ማይኩ ሁለት ከሆነ ሁለት ሁለት እየጨመረ። 64 ላይ ብትገድቡት ሚክስ ውስጥ ልዩነቱ የማይሰማበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ለብቻው የሚጫወት ፒያኖ ከሆነ ግን አትግደቡ፣ ጅራቱ ሲቆረጥ ጎልቶ ይሰማል።

የኦዲዮ በፈሩንም (ኮምፒውተሩ ድምፁን አጠራቅሞ የሚያወጣበትን መጠን) እንደስራው ቀያይሩት፣ ስትጫወቱ 128 አድርጉት፣ በ44.1 ኪሎኸርዝ 3 ሚሊሰከንድ የማይሞላ መዘግየት ነው፣ ሚክስ ስታደርጉ 1024 አድርጉት፣ 23 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው ግን ማንም እየተጫወተ ስላልሆነ አይረብሽም፣ ሲፒዩው ደሞ ይተነፍሳል። ያለቀ ትራክ ፍሪዝ አድርጉ (ለጊዜው ወደ ኦዲዮ ቀይሩት)። አንድ ኮንታክት ውስጥ አስራ ስድስት ኢንስትሩመንት መደርደር ነው ወይስ ለየትራኩ አንድ አንድ መክፈት የሚለው ክርክር አለ፣ እኔ ለየብቻ ባይ ነኝ፣ ፍሪዝ ማድረጉም ማጥፋቱም ይቀላል፣ አንዱ ሲጨናነቅ የቱ እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል።

ዋን ሾትና ሉፕ

እዚህ ጋር ብዙ አልቆይም። ችግሩ ማነስ ሳይሆን መብዛት ነው፣ ሺህ ኪክ ያለው ሰው ኪክ ሲመርጥ ቢቱ ከጭንቅላቱ ይጠፋል። የወረዱ ፓኮችን እንዳሉ ተዉአቸውና የምትወዱትን ብቻ ምልክት አድርጉ፣ ኤብልተን በሚባለው ሙዚቃ መስሪያ ላይ ኮሌክሽን የሚባሉት ባለከለር ምልክቶች አሉ፣ ኤፍኤል ስቱዲዮ ላይ ብራውዘሩ ውስጥ ፌቨሪት ማድረግ ይቻላል፣ ፋይሉን ሌላ ቦታ ኮፒ ማድረግ ሳያስፈልግ። ኤክስኦና ሶኖኒም የሚባሉት ፕሮግራሞች ደሞ ድምፁን ራሱ ሰምተው ተመሳሳዩን ከተመሳሳዩ ጋር ይሰበስቡላችኋል፣ የፋይል ስም ምንም በማይልበት ፓክ ላይ ትልቅ እፎይታ ነው። ሉፕ ከሆነ ስሙ ላይ ቢፒኤም (ፍጥነቱ)ና የሙዚቃ ቁልፉ (ኪው) ካልተጻፈ ጻፉበት፣ ፕሮጀክት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ግን ይሁን፣ ከገባ በኋላ ስም መቀየር አድራሻ መስበር ነው።

የራሳችሁን ኢንስትሩመንት መስራት

አሁን ጣፋጩ ክፍል። ቤት ያለ ፒያኖ ወይ ጊታር ወይ አሮጌ ሲንት (ሲንተሳይዘር) አለ እንበል፣ ሳምፕል ልታደርጉት ፈለጋችሁ። ከመቅረፃችሁ በፊት ምን ያህል እንደምትቀርፁ አስሉ፣ አለበለዚያ ግማሽ ላይ ነው የሚሰለቻችሁ። 88 ቁልፍ ያለውን ፒያኖ በየሶስት ሴሚቶኑ (በየሶስት ቁልፉ) ብትቀርፁ ወደ 30 ኖታ ነው፣ መሃል ያሉትን ሳምፕለሩ ከጎረቤታቸው ትንሽ እየሳበ ይሞላቸዋል፣ ከዛ በላይ ካራራቃችሁት ግን ድምፁ መለወጡ ይታወቃል። 30 ኖታ በ5 የቬሎሲቲ ደረጃ፣ እያንዳንዱ 2 ጊዜ፣ 300 ሳምፕል ሆነ። እያንዳንዱ 10 ሰከንድ ከሆነ 50 ደቂቃ ድምፅ ነው፣ በ24 ቢት 44.1 ኪሎኸርዝ ስቴሪዮ ወደ 800 ሜጋባይት፣ በ96 ኪሎኸርዝ ከሆነ 1.7 ጊጋ። ድምፁን በብዙ ኦክታቭ ወደታች አውርዳችሁ ልትጫወቱበት ካላሰባችሁ 96 ምንም አያደርግላችሁም።

ሁለት ጊዜ ለምን ካላችሁ ራውንድ ሮቢን ለሚባለው ነው፣ አንድ ኖታ ሲደጋገም ያው ድምፅ ተመልሶ ከመጣ መትረየስ ይመስላል፣ ሁለት ሶስት የተለያየ ቅጂ ሲፈራረቅ ጆሮ ይታለላል። ለድራምና ለሚቆነጠር ክር የግድ ነው፣ ረጅም ለሚቆይ ነገር ቢቀርም ይቀራል።

ስትቀርፁ ትልቁ ድምፅ ከዜሮ (ድምፁ ከሚሰነጠቅበት ጣሪያ) በታች ከ6 እስከ 12 ዴሲቤል ባለው መሃል ይሁን፣ 24 ቢት ስለሆነ ከፍ ለማድረግ መጨነቅ የለባችሁም። ከምንም በላይ የክፍሉን ሹክሹክታ ቀንሱ፣ ማቀዝቀዣ ምናምን ካለ አጥፉ፣ ምክንያቱም አንድ ሳምፕል ላይ የማይሰማ ጭርጭርታ ኖታ ሲደራረብ አብሮ ይደራረባል፣ ቮይሱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 3 ዴሲቤል ይጨምራል፣ ስምንት ኖታ አብሮ ሲይዝ 9 ዴሲቤል ከፍ ብሎ ሻሻሻ ይላል።

መቁረጡ ላይ ደሞ ትዕግስት። የሳምፕሉ መጀመሪያ ላይ የምትቀር ዝምታ 10 ሚሊሰከንድም ብትሆን ከኦዲዮ በፈሩ መዘግየት ጋር ተደምራ ኪቦርዱን ሰነፍ ታስመስለዋለች፣ ዌቭፎርሙን አጉልታችሁ ድምፁ የሚነሳበት ጋር ቁረጡት፣ አንድ ሁለት ሚሊሰከንድ ፌድ ኢን ስጡት እንዳይጠቅ። ጅራቱን ግን ሙሉ በሙሉ ሞቶ እስኪያልቅ ተዉለት። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ፈተና አውቀዋለሁ፣ ሁሉንም መርጦ ኖርማላይዝ (ድምፁን እስከ ጣሪያው ከፍ ማድረግ) ማለት ያምራል፣ እንዳታደርጉት። እያንዳንዱ ለየብቻ ኖርማላይዝ ከተደረገ ለስለስ ተደርጎ የተመታውም ጠንከር ተደርጎ የተመታውም እኩል ይጮሃሉ፣ አምስት ደረጃ የቀረፃችሁበት ምክንያት ገደል ገባ ማለት ነው። ድምፅ ማንሳት ካለባችሁ ለሁሉም እኩል ዴሲቤል ጨምሩ።

ስም አወጣጡ እዚህ ጋር ቁም ነገር ነው፣ ምክንያቱም ኮንታክት ውስጥ ኦቶ ማፕ የሚባለው ከፋይሉ ስም አንብቦ እያንዳንዱን ሳምፕል ቦታው ላይ ያስቀምጥላችኋል፣ 300 ፋይል በእጅ መጎተት ቀረ ማለት ነው። ቅደም ተከተሉ ሁሌ አንድ ይሁን፣ የመሳሪያው ስም፣ ኖታው፣ የቬሎሲቲ ደረጃው፣ ስንተኛ ቅጂ እንደሆነ፣ መሃላቸው ላይ የስር መስመር። ኖታውን በፊደል ሳይሆን በሚዲ (የሙዚቃ መሳሪያዎች መግባቢያ ቋንቋ) ቁጥሩ ጻፉት ብዬ እመክራለሁ። መሃለኛው ሲ በሚዲ 60 ነው፣ ይሄ የትም አይቀየርም፣ በፊደል ሲሆን ግን ኮንታክትና ኤብልተን ሲ3 ይሉታል፣ ኤስኤፍዜድ ሲ4 ይለዋል፣ አንዱ ላይ የሰራችሁትን ሌላው ላይ ስትከፍቱ ሁሉም ነገር አንድ ኦክታቭ ተንሸራቶ ይጠብቃችኋል። ቁጥሩንም በሶስት አሃዝ አድርጉት፣ 036፣ 048፣ 060፣ ያኔ ፎልደሩ ውስጥም በተራ ይሰለፋሉ።

ቬሎሲቲው ከ1 እስከ 127 ነው፣ አምስቱን ደረጃ እኩል እኩል አትከፋፍሉት። ብዙ ሰው ኪቦርድ ሲጫወት ጣቱ መሃል አካባቢ ነው የሚውለው፣ ስለዚ መሃሉ ላይ ጠበብ ጠበብ ያሉ ደረጃዎች አድርጉ፣ ዳርና ዳር ሰፋ አድርጉ፣ ከዛ እየተጫወታችሁ ድንበሩን ወዲህ ወዲያ በሉት።

ሲንት ከሆነ የምትቀዱት በእጅ መልፋት አያስፈልግም፣ ሎጂክ ውስጥ ኦቶ ሳምፕለር የሚባል አለ፣ ከየት እስከ የት ኖታ፣ ስንት ቬሎሲቲ፣ ስንት ሰከንድ ብላችሁ ትነግሩታላችሁ፣ ራሱ ሚዲ እየላከ ራሱ ይቀርፃል። ገንዘብ ማውጣት ለማይፈልግ ደሞ ዲሰንት ሳምፕለርና ስፎርዛንዶ ነፃ ናቸው፣ ሁለቱም በጽሁፍ ፋይል የሚሰሩ ስለሆኑ ሳምፕለሩ ውስጥ ሳትገቡ ስህተት ማረም ይቻላል።

ሴቭ ስታደርጉ ኮንታክት ሶስት ምርጫ ይሰጣችኋል። ፓች ብቻ የሚለው አድራሻውን ብቻ ነው፣ ፓችና ሳምፕል የሚለው ሳምፕሎቹን አብሮ አንድ ቦታ ኮፒ ያደርጋል፣ ሞኖሊት የሚለው ሁሉንም አንድ ፋይል ውስጥ ያሽገዋል። ለራሳችሁ ስራ ሁለተኛውን ምረጡ፣ ለሰው ስትልኩ ሞኖሊቱ ይመቻል፣ ግን ዌቮቹን አውጥቶ ማስተካከል ስለማይመች ዋናውን ቅጂ በሞኖሊት ብቻ አታስቀሩት።

ፕሮጀክት ሲዘጋ

ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ሳምፕሎቹን ወደ ፕሮጀክቱ ሰብስቡ። ኤብልተን ላይ ኮሌክት ኦል ኤንድ ሴቭ ነው፣ ኤፍኤል ላይ ዚፕድ ሉፕ ፓኬጅ ብሎ ኤክስፖርት ማድረግ ነው፣ ሪፐር የሚባለው ሙዚቃ መስሪያ ላይ ሴቭ አዝ ስትሉ ሚዲያውን ወደ ፕሮጀክቱ ፎልደር ኮፒ አድርግ የሚል ምልክት አለ። ግን ተጠንቀቁ፣ እነዚህ እንደ ኮንታክት ያሉ የሌላ ኩባንያ ፕለጊኖች ውስጥ ያለውን ሳምፕል አይሰበስቡም፣ እዛ ውስጥ ማየት አይችሉም። ስለዚ የሳምፕለር ትራክ ሁሉ ወደ 24 ቢት ዌቭ ይውጣ፣ ሁሉም ከዘፈኑ የመጀመሪያ ባር ይጀምር፣ ኤፌክት ያለውም የሌለውም ሁለቱም ቢኖር ይመረጣል፣ ሚዲውንም አብራችሁ አስቀምጡ። አጠገቡ አንድ የጽሁፍ ፋይል ክፈቱና የትኛው ትራክ ከየትኛው ላይብረሪ፣ የትኛው ፓች፣ የኮንታክቱ ቨርዥን ስንት እንደነበር ጻፉ፣ ከዓመታት በኋላ "ሪሚክስ እንስራለት" ሲባል ያቺ ወረቀት ነች የምታድናችሁ።

ባክአፕ ላይ ሁሉም እኩል አይደለም። የገዛችሁት ላይብረሪ አካውንታችሁ እስካለ ተመልሶ ይወርዳል፣ ይሰለቻል እንጂ አይጠፋም። የቀረፃችሁት፣ ያስተካከላችሁት ፓች፣ ፕሮጀክቱ፣ እነዚህ ከናንተ ሌላ ማንም ጋር የሉም፣ ሶስት ቦታ ይኑሩ፣ አንዱ ከቤት ውጪ። የገዛችሁበትን ደረሰኝና የፈቃዱን ጽሁፍም አብራችሁ አስቀምጡ፣ ሮያሊቲ ፍሪ ማለት ዘፈን ውስጥ ተጠቀምበት ማለት ነው፣ ሳምፕሉን ራሱን መልሰህ ሽጥ ማለት አይደለም፣ ከሌላ ላይብረሪ የቀዳችሁትን የራሴ ፓክ ብላችሁ ብታወጡ ጣጣ ነው።

ቦታ ሞልቶ ላይብረሪ ማጥፋት ካለባችሁ ወዲያው አታጥፉ። መጀመሪያ ወደ ባክአፕ ዲስኩ ውሰዱትና ዲስኩን ንቀሉት፣ ከዛ በቅርብ የሰራችኋቸውን ፕሮጀክቶች አንድ በአንድ ክፈቱ፣ የትኛው ሳምፕል ጠፋ ብሎ እንደሚጮህ እዩ። የጮኸ ካለ ያንን ትራክ ወደ ኦዲዮ እስክታወጡ ድረስ ላይብረሪውን መልሱት፣ ማንም ካልጮኸ ከኔቲቭ አክሰስ ዝርዝሩ ላይም አንሱትና ጨርሱ።